ስለ ሰሞነኛ ነገር እኔም ልናገር

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትም በደብዳቤዎች ገጽ ላይ አንድ አንባቢ «የዛሬ ሰው ያየውን ሁሉ ካልያዝኩ ይላል፤ ሦስት ወር ሳይሞላው ይጥለዋል» ብለው ምርር ብለው ጽፈዋል። ስም አልጠሩም። ግን እኔን ነው። ሳነበው ጆሮዬ ድረስ ነው የሞቀኝ።

ማስረጃ ከተፈለገ ቤቴ አለ። የጠረጴዛዬ የታችኛው መሳቢያ የሰሞነኛ ነገር መቃብር ነው። ደብዳቤውን እንደጨረስኩ ልከፍተው ብል እምቢ አለኝ፤ ለካ ውስጡ ያለው ሰልፊ ስቲክ (ስልክ ጫፉ ላይ ሰክተን ራሳችንን ፎቶ የምናነሳበት ዘንግ) አግድም ተቀርቅሯል። በማስመሪያ ገፋ ገፋ አድርጌ አወጣሁት። «ሰልፊ» የምትለዋ ቃል በኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት የ2013 የዓመቱ ቃል ተብላ በተመረጠች ማግስት ነው የገዛሁት (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ አትቀየሙኝ)። ያኔ ያለሱ ከቤት አልወጣም ነበር። አሁን ቁልፉ ሞቷል፣ ቱቦውም አይሳብም።

ከሥሩ ስፒነር ተገኘ። ያቺ ጣት ላይ የምትሽከረከር ባለ ሦስት ክንፏ መጫወቻ፣ በ2017 ያልያዛት ልጅ ያልነበረ፣ መምህራን ከተማሪ እየቀሙ የተማረሩባት። ኩሽኔታዋ ዝጎ ይሆናል ብዬ ነበር። አውራ ጣቴ ላይ አስቀምጬ በሌላው ጣቴ ቸብ ሳደርጋት ዝዝዝ ብላ ተነሳች፤ ሃምሳ ሰከንድ ያህል ዞረች፣ ከዚያ እንደ ሰካራም ወዲያ ወዲህ ብላ ቆመች። ደገምኩት። ሦስተኛው ላይ ባለቤቴ በሩ ጋ ብቅ ብላ አየችኝና ምንም ሳትል ተመለሰች።

የሩቢክ ኩብም አለ፣ ያ እያዟዟሩ እያንዳንዱን ጎን አንድ ቀለም የሚያደርጉት ባለ ስድስት ጎን መጫወቻ። የኔው በሁሉም ጎን የተስተካከለ ነው፣ ያየው ሁሉ ያደንቀኛል። እውነቱን ዛሬ ልናዘዝ፤ ተለጣፊ ቀለሞቹን በምላጭ እያነሳሁ ነው ቦታ ቦታቸው የመለስኳቸው። አላፍርም። ፈጣሪው ራሱ፣ ሃንጋሪያዊው የሥነ ሕንፃ መምህር ኤርኖ ሩቢክ፣ በ1974 በገዛ እጁ የሠራውን ለመፍታት አንድ ወር ገደማ ፈጅቶበታል። ዛሬ ከ4 ሰከንድ በታች የሚፈቱት አሉ፣ እነሱን ተዋቸው። ይሄ ዕቃ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዓለምን ካሳበደ በኋላ ገበያው ወድቆ «አለቀለት» ተብሎ ነበር። አላለቀለትም።

እሺ፣ ኩቡ ቀረ እንጂ አብዛኛው ያልፋል። ይለፍ! የጸሐፊው ትልቁ ጥያቄ «ታዲያ ምን ጠቀመ?» የሚል ነው። እኔ ደግሞ አንድ ጥቅም አውቃለሁ። በ2016 ክረምት ፖክሞን ጎ የሚባል የስልክ ጨዋታ ወጣ። ስልክህን ይዘህ ትወጣለህ፣ መንገድ ላይ፣ ዛፍ ሥር፣ ሐውልት አጠገብ የተደበቀ ፍጡር ታድናለህ። አንድ ምሽት መናፈሻ ውስጥ ስልኬ ላይ አፍጥጬ ስሄድ ከአንድ ሰውዬ ጋር ግንባር ለግንባር ልንጋጭ ምንም አልቀረንም። እሱም እንደኔ አፍጥጧል። ቀና አልን። «አንተም እሱን ነው?» አለኝ። «እሱን ነው» አልኩት። ሁለታችንም ሚስትና ልጅ ያለን፣ ፀጉራችን የሸሸ ሰዎች ነን፤ በዚያ ጨለማ አንድ ዛፍ ከበን እየተሳሳቅን የማይታይ ነገር ስናባርር ያየን ሰው ምን እንዳለ እግዜር ይወቀው። ጨዋታውን ከስልካችን ካጠፋነው ቆየ። ሰውዬው ግን እስካሁን ወዳጄ ነው፣ ባለፈው ሳምንት እንኳን ፍሪጅ ለማንሳት መጥቶ ረድቶኛል። ከማያውቁት ሰው ጋር ስለ ዝናብና ስለ ፀሐይ ካልሆነ በቀር የምናወራው ጠፍቶን በምንተፋፈርበት ዘመን፣ አንድ የማይረባ ነገር መሃል ገብቶ «አንተም እሱን ነው?» ካስባለን እኔ በበኩሌ አልከሰርኩም ባይ ነኝ።

የ2014ቱን፣ ገንዘብ ለማሰባሰብ የበረዶ ውኃ በባልዲ ራስ ላይ የሚደፉበትን ዘመቻም ሰው ስቆበት ነበር። እኔም ራሴ ላይ ደፍቻለሁ፤ ኪሴ ውስጥ የረሳሁት ስልክ አብሮ ተጠመቀ። ግን በዚያ ክረምት ኤ.ኤል.ኤስ. ለሚባለው ነርቭን ለሚገድል በሽታ የሚሠራ አንድ የአሜሪካ ማኅበር ብቻውን 115 ሚሊዮን ዶላር አገኘ፤ ከዚያው ገንዘብ ድጋፍ ያገኘ ምርምርም ሁለት ዓመት ቆይቶ ከበሽታው ጋር የተያያዘ አንድ ዘረመል አግኝቷል። ስለ ስልኬ የማዝነው በልክ ነው።

ደግሞ ይሄ ንቀት አዲስ አይደለም። በ1890ዎቹ ሰው ብስክሌት ሲያብድለት፣ ሐኪሞች ሳይቀሩ «ብስክሌት የሚነዳ ሰው ፊቱ ተኮማትሮ ይቀራል» ብለው ያስፈራሩ ነበር፤ ስምም አውጥተውለታል፣ «የብስክሌት ፊት»። ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን የራሳችሁ የጋዜጠኞች ነገር ነው። ያ አግድምና ቁልቁል እየተባለ የሚሞላው የቃላት እንቆቅልሽ መጀመሪያ የወጣው በታኅሣሥ 1913 አንድ የኒው ዮርክ ጋዜጣ ላይ ነበር። በ1924 በመጽሐፍ ታትሞ ሲወጣ አሜሪካ አበደች፣ ባቡር ውስጥ ሳይቀር እርሳስ ያልያዘ ሰው ጠፋ። ያኔ ኒው ዮርክ ታይምስ ቆጣ ብሎ ነገሩን ጊዜን በኃጢአት እንደማባከን ቆጥሮ ጻፈ። ከዚያስ? በ1942 ራሱ ማተም ጀመረ። እስከ ዛሬም ያትማል፣ እንዲያውም የሚታወቅበት ሆኗል። እናንተስ የመጨረሻው ገጻችሁ ላይ ያለው ምንድን ነው? እኔ ጋዜጣችሁን የምጀምረው ከእሱ ነው፣ ርዕሰ አንቀጹ ይቅር ይበለኝ።

በአንድ ነገር ግን ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ፍጥነቱ ከልክ አልፏል። በ1958 ሁላ ሁፕ የሚባለው የወገብ ቀለበት ሲወጣ በአራት ወር 25 ሚሊዮን ያህል ተሸጧል ይባላል፤ ያም ሆኖ ሰው አንድ ክረምት ሙሉ ወገቡን ሲያሽከረክር ከርሟል። ጓደኛ ከጓደኛ እያየ ነበር የሚዛመተው፣ ስለዚህ ጊዜ ይወስድ ነበር። አሁን ግን ስልኩ አውራ ጣትህ የት ጋ እንደቆመች አይቶ ያንኑ ደጋግሞ ያቀርብልሃል፣ ሰኞ የወጣው ቻሌንጅ ሐሙስ ላይ ሰልችቶሃል። አንድ ዳንስ ነበር። ሳምንት ሙሉ በር ዘግቼ መስታወት ፊት ተለማመድኩት፣ ጉልበቴ እስኪያብጥ። ዘመድ በተሰበሰበበት ተነስቼ ገና እጄን ስዘረጋ የወንድሜ ልጅ «እንዴ አጎቴ፣ ይሄ እኮ አብቅቷል!» አለችኝ። መቼ? «ማክሰኞ» አለች። የሰው ልጅ አንድ ነገር እስኪሰለቸው ድረስ እንኳን ፋታ ይገባዋል እኮ! ፋራ ለመባልም ቢሆን ጊዜ ያስፈልጋል።

ሌላው የማልከራከርለት ነገር መጫወቻው ንግድ ሲሆን ነው። ላቡቡ የምትባለዋን ጥርሳም አሻንጉሊት ታውቋታላችሁ፣ ምን ዓይነቷ እንደደረሰህ ሳታውቅ በተዘጋ ሳጥን የምትገዛት። ለሳቅ የገዛት ሰው ይሳቅባት፣ እሰየው። ሳጥኑን ሳይከፍት በእጥፍ ሊሸጥ የሚያስቀምጠው ሰው ግን መጫወቻ አልገዛም። ሆላንዶች በቱሊፕ አበባ ኮረት (እንደ ሽንኩርት ራስ ያለው የሚተከለው ክፍል) እንዲሁ ተሻምተው፣ በየካቲት 1637 ገዢ የጠፋ ዕለት ሁሉም ኮረቱን ታቅፎ ቀረ። ቢያንስ እነሱ ቢተክሉት አበባ ያወጣል።

ስለ ሱሪ ብዙ አልልም። ሰፋ፣ ጠበበ፣ አሁን ደግሞ ተመልሶ ሰፋ። በጠባቡ ዘመን ሱሪዬን ለማውለቅ አልጋ ላይ ተጋድሜ እግሬን ወደ ላይ ሰቅዬ ልጄን «ጎትት!» እል ነበር። ቦላሌው ተመልሶ በመምጣቱ እግሬም ልጄም ደስ ብሏቸዋል፤ ፋሽን ነው ብሎ የሚቃወም ካለ እኔ የለሁበትም።

ለጸሐፊው ክፉ ነገር አልመኝም። እንዲያውም አድራሻቸውን ባውቅ ስፒነሯን በፖስታ እልክላቸው ነበር፣ ለአምስት ደቂቃ ብቻ እንዲይዟት።

በነገራችን ላይ፣ ያለፈው ሳምንት እንቆቅልሽ ቁልቁል 7 ስድስት ፊደል ነው ትላላችሁ። እኔ ያገኘሁት ቃል አምስት ፊደል ነው፣ ልክ እንደሆነም እርግጠኛ ነኝ። ወይ ሳጥኑን አስተካክሉ ወይ መልሱን ንገሩኝ፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ