ያን ምሽት በካስትሮ ሲኒማ ቤት

ውድ ልጄ፣

የላክሽልኝን ረጅም መልእክት ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ መኪና ውስጥ፣ አንዴ እቤት። ደውዬ ልመልስልሽ ነበር። ግን ታውቂኛለሽ፣ ስልክ ላይ ቶሎ «እሺ፣ በርቺ» ብዬ እዘጋለሁ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ። አማርኛው ከከበደሽ ቀስ እያልሽ አንብቢው።

ክፍል ውስጥ ስለ ሃርቪ ሚልክ፣ በ1978 ስለተገደለው ጌይ የሳን ፍራንሲስኮ ፖለቲከኛ፣ የተሠራውን ፊልም አሳዩን ብለሻል። ግማሹ ተማሪ ስልኩን ሲነካካ ነበር። አንዳንዱ በሰዎቹ ጢምና በጠባብ ሱሪያቸው ሳቀ። አብራሽ የምትኖረዋ ልጅ ግን እያለቀሰች ወጣች። «ሳትወለድ ለሞተ ሰው እንዴት እንዲህ ታለቅሳለች?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ «አባዬ፣ አንተ አይተኸዋል?»

አይቼዋለሁ። ታሪኩ በተፈጸመበት ሰፈር፣ ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ቁጭ ብዬ ነው ያየሁት። ለእናትሽ እንኳን ግማሹን ብቻ ነው የነገርኳት።

ከፊልሙ ሦስት ሳምንት በፊት ልጀምርልሽ። ኖቬምበር 4፣ 2008። አንቺ አራት ዓመትሽ ነበር። እኔ ዜግነት ካገኘሁ ገና ዓመቴ ስለነበር፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሰጠሁት ያን ቀን ነው። ኦክላንድ ውስጥ በጠዋት ተሰልፌ ኦባማን መረጥኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። የካሊፎርኒያ የምርጫ ወረቀት ረጅም ነው፤ ሰው ብቻ ሳይሆን ሕግም ይመረጥበታል። ፕሮፖዚሽን 8 ላይ ደረስኩ። ጋብቻ በወንድና በሴት መካከል ብቻ ይሁን የሚል ነው። አላሰብኩበትም። «አዎ» የሚለውን ሞልቼ አለፍኩ። ያደግኩበት ቤት፣ የምሄድበት ቤተ ክርስቲያን፣ የማውቀው ሰው ሁሉ «አዎ» የሚል ነበር። ሁለት ሰከንድ አልፈጀብኝም።

ማታ ሳን ፍራንሲስኮ ታክሲ ይዤ ወጣሁ። ከተማው በደስታ አብዷል። ካስትሮ በሚባለው የጌዮች ሰፈር ሁለት ጎልማሳ ወንዶች ጫንኩ። ገና በሩን ሳይዘጉ «አሸነፍን!» አልኳቸው። አንዱ «እንኳን ደስ አለህ» አለኝ፣ ከልቡ። ከዚያ ዝም አሉ። በመስታወት ሳይ ሌላኛው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ያለቅሳል። በዚያው ዓመት ከሰኔ ጀምሮ እንደነሱ ያሉ ጥንዶች በሕግ ይጋቡ ነበር፤ እነሱም ነሐሴ ላይ ተጋብተዋል። የፕሮፖዚሽን 8 ውጤት ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ ያን ሰዓት ታውቋል። ሲወርዱ ጥሩ ቲፕ ሰጡኝ። ምን እንደመረጥኩ አልጠየቁኝም። ኦባማ ብሎ ከሚጮህ ጥቁር ሹፌር «አዎ» ይጠበቃል ብለውም አላሰቡ ይሆናል። ዶላሩን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ሌሊቱን ሙሉ ከበደኝ።

ሕጉ 52 ለ48 አለፈ። ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ውስጥ ግን ከአራት ሰው ሦስቱ «አይሆንም» ብሎ ነበር።

ፊልሙ በኖቬምበር 26 ወጣ፣ ከታንክስጊቪንግ፣ ከምስጋና በዓሉ፣ በፊት ባለው ቀን። ታንክስጊቪንጉ ራሱ 27 ላይ ዋለ፤ ሚልክ የተገደለበት 30ኛ ዓመት ማለት ነው። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። በማግስቱ ዓርብ በካስትሮ ሳልፍ ሰልፉን አየሁ። ከሲኒማ ቤቱ በር ተነስቶ በመንገዱ ጥግ ታጥፎ ይሄዳል። ሥራ አልነበረኝም። ለምን እንደቆምኩ እስከ ዛሬ በደንብ ማስረዳት አልችልም። ያ መስኮት ላይ ያየሁት ፊት ከዓይኔ አልጠፋ ብሎኝ ነው መሰለኝ። መኪናዬን ራቅ አድርጌ አቁሜ ተሰለፍኩ።

አዳራሹን ብታዪው! በ1922 የተሠራ ነው፣ ያኔ 1,400 ሰው ገደማ ይይዝ ነበር፣ ጣሪያው የሠርግ ድንኳን ይመስላል። ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት አንድ ሰው ኦርጋን ይጫወታል፤ ስለ ከተማው የተዘፈነውን አሮጌ ዘፈን ሲጀምር ሕዝቡ በጭብጨባ ይከተለዋል። ከጎኔ ሰባ ዓመት የሚሆነው ነጭ ሽማግሌ ተቀምጧል። ፖፕኮርን ዘረጋልኝ። የነቢያት ጾም ገብቶ ነበርና በእጄ ምልክት «አመሰግናለሁ፣ ይቅርብኝ» አልኩት። ፈገግ አለ።

መጀመሪያ ላይ የድሮ እውነተኛ ምስል ይመጣል። ፖሊስ ከቡና ቤት ወንዶችን እየለቀመ ያወጣል። እነሱ ፊታቸውን በእጃቸው፣ በኮታቸው ይሸፍናሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ። እኔ ፊት መሸፈንን አውቀዋለሁ። ሌሊት ከቤቱ እየተወሰደ ጎረቤት እንዳያየው የሚያቀረቅር ሰው ልጅ ሆኜ አይቻለሁ። እዚያ ላይ ነው ጀርባዬን ወንበሩን አስደግፌ በትክክል ማየት የጀመርኩት።

ታሪኩን አይተሽዋል፣ አልደግመውም። ከኒው ዮርክ መጥቶ ካስትሮ ላይ የካሜራ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። ለምርጫ ሦስት ጊዜ ተወዳድሮ ተሸነፈ። በ1977 አሸንፎ የከተማው ምክር ቤት ገባ። ዓመት ሳይሞላው አብሮት ምክር ቤት የነበረው ዳን ዋይት እሱንም ከንቲባውን ጆርጅ ሞስኮኒንም በጥይት ገደላቸው። ይህን ሁሉ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ያለው ሰው በቃሉ ያውቀዋል። ሱቁ ከሲኒማ ቤቱ ጥቂት እርምጃ ወረድ ብሎ ነው ያለው። ሱቁ ሲታይ አጨበጨቡ። የተቀመጡበት ሲኒማ ቤት ራሱ ሲታይማ ጮሁ። ሚልክ ባለ ውሻ ሁሉ የውሻውን ኩስ ከመንገድ ያንሳ ብሎ ያወጣው ደንብ ላይ ከልብ ሳቁ። ሽማግሌው አንዳንድ ሰው ብቅ ሲል ስሙን ቀስ ብሎ ይጠራል፣ እንደ ዘመድ።

ሁለት ቦታ ላይ ግን ሌላ ነገር አየሁ።

አንደኛው ልጁ ስልክ የሚደውልበት ነው። ከሩቅ ትንሽ ከተማ፣ ሌሊት፣ ለሚልክ ይደውላል። ወላጆቼ እንዲያስተካክሉኝ ሆስፒታል ሊያስገቡኝ ነው ይላል። ሚልክ ከቤት ውጣ፣ አውቶቡስ ተሳፈር ይለዋል። ልጁ አልችልም ይላል፤ ካሜራው ወደኋላ ሲሄድ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነው። አዳራሹ በአንድ ትንፋሽ «ኦ» አለ። እኔ ያሰብኩት ስለ ልጁ አልነበረም። በፊልሙ ስለማይታዩት እናትና አባቱ ነበር፤ በሚቀጥለው ክፍል የተኙት። ልጃቸውን የሚጠሉ አይመስለኝም። የሚወዱት ይመስለኛል። ጸበል እንደሚወስድ ሰው ነው ያሰብኳቸው። እኔም ብሆን፣ አንቺን፣ እንደዚያው ነበር የማደርገው። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፣ ግን እውነቱ ነው። ያን ጊዜ የነበርኩት ሰው እንደዚያው ያደርግ ነበር።

ሁለተኛው በ1978 የተደረገው ምርጫ ላይ ነው። ያኔም ካሊፎርኒያ ድምፅ እየሰጠች ነበር፣ ያኔም ኖቬምበር ነው። ፕሮፖዚሽን 6 ይባላል። ጌይ የሆኑ አስተማሪዎች ከትምህርት ቤት ይባረሩ የሚል። ሚልክ ሰዉን ሁሉ ለወላጆቻችሁ፣ ለጎረቤቶቻችሁ፣ ለሥራ ባልደረቦቻችሁ ማን እንደሆናችሁ ንገሩ እያለ ዞረ። ሰው የሚያውቀውን ሰው ለመጉዳት ድምፅ አይሰጥም ብሎ ያምን ነበር። ሕጉም ወደቀ። ፊልሙ ላይ ይጨፍራሉ፣ ይተቃቀፋሉ። እኔ አዳራሹም ይጮሃል ብዬ ጠበቅኩ። የካሜራ ሱቅ ሲያይ ያጨበጨበ ሕዝብ ነው።

አንድ እጅ አላጨበጨበም። ስክሪኑ ላይ ጭፈራ፣ እታች ጸጥታ። ከዚያ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎን ሰው ሲያለቅስ ይሰማኝ ጀመር። ሠላሳ ዓመት ቆይተው፣ ገና ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ያሸነፉትን ተሸንፈዋል። እኔ ደግሞ መሀላቸው ተቀምጫለሁ። ያን «አዎ» የሞላሁበት ጣት የወንበሩን እጀታ ይዟል። ልነሳና ልወጣ አሰብኩ። እግሬ እምቢ አለኝ።

መጨረሻው የሻማው ሰልፍ ነው። በተገደለበት ምሽት በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሰው ሻማ ይዞ ከካስትሮ እስከ ማዘጋጃ ቤቱ ሄዷል። ሽማግሌው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን በሸሚዙ ጠረገ። ሲያልቅ ማንም አልተነሳም። የእውነተኞቹ ሰዎች ፎቶ ሲመጣ ለእያንዳንዱ አጨበጨቡ። መብራቱ ሲበራ ሽማግሌው ወደኔ ዞሮ፣ «ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ» አለኝ። አንዴ በ1978። አንዴ ደግሞ በ2008 መጀመሪያ፣ ለፊልሙ ሲቀረጽ። «የመጀመሪያው ቀን አብረውኝ የሄዱት ጓደኞቼ ግን የሉም» አለ። ሁሉንም ኤድስ ወስዶበታል።

ያኔ ነው የገባኝ። ለቅሶ ቤት ነበር የተቀመጥኩት፣ ሳላውቀው። ለቅሶ ላይ ሰው ለሟቹ ብቻ አያለቅስም። እያንዳንዱ የራሱን ሟች ያስታውሳል። አክስቴ ለማታውቀው ሰው ለቅሶ ሄዳ ስለ ወንድሟ ስታለቅስ አይቻለሁ፤ ማንም «ምን ሆነሽ?» አይላትም። እኛም አዲስ አበባ በዚያ በሽታ ስንቱን ቀብረናል። «ሳንባ ነው» እየተባለ። እኔም የገዛ የአጎቴን ልጅ «ሳንባ ነው» ብዬ ቀብሬያለሁ። ለሽማግሌው ይህን ልነግረው ፈልጌ እንግሊዝኛው አልመጣልኝም። እጁን ጨበጥኩት። አጥብቆ ያዘኝ፤ ከነሱ አንዱ መስዬው ይሁን አይሁን አላውቅም። አላረምኩትም።

ስለዚህ ስለ ጓደኛሽ ለጠየቅሽኝ ያለኝ መልስ ይኼው ነው። ለራሷ የምታለቅስለት ነገር አላት። ምን እንደሆነ እሷ ታውቃለች። አባቷ ከደወለላት ዓመት አለፈው ብለሽ ጽፈሽልኛል። እኔ አንብቤ ያንን አላለፍኩትም።

ሌላም ልንገርሽ፣ ይኼኛው ይብሳል። በሳምንቱ ኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ሁልጊዜ ከምንሰበሰብበት ቡና ቤት ሄድኩ። አምስት ነበርን፣ ሁላችንም ሹፌሮች። ፊልሙን አየሁ አልኳቸው። አንዱ አማተበ። አንዱ «ምን ሊሠራልህ?» ብሎ ተቆጣ። አንዱ በዚያ በምናውቀው ቃል ጠራቸው። በእኛ ቋንቋ ለእነዚህ ሰዎች ያለን ስም ራሱ ፍርድ ነው፤ ቃሉ ውስጥ ሰዶም አለች፣ እሳትና ዲን አለ። ስሙን ስትጠሪው ፈርደሽ ጨርሰሻል። ፊልሙን ያየ ከመሀላቸው የለም። አምስተኛው ልጅ ነበር፣ ከሁላችን ታናሽ። ስኒውን እያየ ዝም አለ። ከዚያ ሁሉም ዓይን ወደኔ መጣ፣ ታዲያ አንተ ምን ትላለህ በሚል። እኔ፣ ያንን ሁሉ አይቼ የመጣሁት፣ «እንዲሁ ጊዜ ለማሳለፍ ነው የገባሁት» አልኩ። ወሬው ወደ ቤንዚን ዋጋ ሄደ።

ያ ልጅ ከዚያ በኋላ ሁለት ወይ ሦስት ጊዜ መጥቶ ቀረ። ሌላ ስቴት ሄደ ተባለ። ለምን ዝም እንዳለ አላውቅም። ጥርሱን አሞት ሊሆን ይችላል። ግን በዚያ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰው አንድ ቃል ቢናገር ኖሮ ብዬ ስንት ሌሊት አስቤያለሁ። በ2009 ሳሞአ የምትባለው የደሴት አገር ፊልሙ እንዳይታይ ከልክላ ነበር። የእኛን ጠረጴዛ ግን ማንም አልከለከለብንም። እኛው ነን የዘጋነው፣ እኔም አብሬ።

ያኔ ብዙ ሰው ፊልሙ ከምርጫው በፊት ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ሕጉ አያልፍም ነበር ይል ነበር። ሌሎቹን አላውቅም። ስለ ራሴ ግን ልመስክር፤ ከምርጫው በፊት ቢወጣ አላየውም ነበር። ወደዚያ ሰልፍ የወሰደኝ መኪናዬ ውስጥ ያለቀሰው ሰው ነው። ሚልክ ልክ ነበር ማለት ነው፣ ሰው ሰውን ሲያውቅ ነው። ግን ለማወቅ መጀመሪያ አንዱ መጎዳት ነበረበት ወይ? ይኼ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ፌብሩዋሪ 22፣ 2009 ኦስካሩን በቴሌቪዥን አየን። አንቺ ጉልበቴ ላይ ተኝተሽ ነበር። ሾን ፔን በሚልክ ሚና አሸነፈ። ድርሰቱን የጻፈው ወጣት ደስቲን ላንስ ብላክም አሸነፈ። ሞርሞን ቤት ውስጥ ያደገ ልጅ ነው። እናቱን አመሰገነ፤ እንዳትወደው ግፊት በነበረበት ጊዜ እንኳን እንዳለ ስለወደደችው። እናትሽ ወጥ ቤት ነበረች፣ አልሰማችም። እኔ ፀጉርሽን እየዳበስኩ ብቻዬን ሰማሁት።

አሁን ሳን ፍራንሲስኮ ኤርፖርት በሄድኩ ቁጥር ሚልክን አየዋለሁ። ተርሚናል 1 በእሱ ስም ነው የተሰየመው፤ ውስጡ ፎቶዎቹ ግድግዳው ላይ አሉ። «ሃርቪ ሚልክ ተርሚናል» የሚለውን፣ ሰው ስጭን፣ በቀን ስንቴ እሰማዋለሁ። አብዛኛው ተሳፋሪ ማን እንደሆነ አያውቅም። አንዳንዱ ሲጠይቀኝ እነግረዋለሁ። አሁን አፌ አይያዝም።

ለታንክስጊቪንግ በዚያው ነው የምታርፉት። «የምታርፉት» ያልኩት አውቄ ነው። ጓደኛሽ የምትሄድበት ከሌላት ይዘሻት ነይ። ቲኬቷን እኔ እቆርጣለሁ፣ ዛሬውኑ ስሟን እንደ መታወቂያዋ አድርገሽ ላኪልኝ። ጾም ስለሆነ እናትሽ በያይነቱ ትሠራለች፤ ለእናንተ ደግሞ ተርኪውን እኔ እገዛለሁ። በ2008 ምን እንደመረጥኩ አትንገሪያት። እሱን እኔ ራሴ ልንገራት።

ታች፣ ሻንጣ የምትቀበሉበት በር ላይ እጠብቃችኋለሁ። ጃኬት ያዙ፣ ማታ ማታ ይበርዳል።

አባትሽ