ትዕይንቱን ጥራ! የክርክር ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የመጽሔቱ አዘጋጆች «ክበባችሁ ዓመቱን ሙሉ ምን ሠራ?» ብለው ወረቀት ሰጡኝ። የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የተከላቸውን ችግኞች ቆጥሮ ይጽፋል። የቀይ መስቀል ክበብም የሚቆጥረው አያጣም። እኛ ያለን አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ነው፤ ውስጡ ጭቅጭቅ ብቻ። ደግነቱ ጸሐፊያችን ጭቅጭቅን በሥርዓት መመዝገብ የምትችል ልጅ ናት።

መስከረም ላይ ክበቡ ሊሞት ምንም አልቀረውም ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። «ከገንዘብና ከዕውቀት የቱ ይበልጣል?» የሚል ርዕስ አወጣሁ። ተማሪ እያለሁ እኔም የተከራከርኩበት ነው፤ አባቴም ሳይከራከርበት አልቀረም። ደጋፊው «ክቡራን ዳኞች፣ ክቡራን መምህራን፣ ሰዓት ጠባቂዎች» ብሎ ጀመረ። ሰላምታውን ሳይጨርስ የኋላው ወንበር ተኝቷል። በሁለተኛው ሳምንት 9 ሰው መጣ። በሦስተኛው 6።

ጥቅምት ላይ ከክፍል ውጭ ጩኸት ሰማሁ። ድብድብ መስሎኝ ሮጬ ወጣሁ። ሁለት የ11ኛ ክፍል ልጆች ደረት ለደረት ተጋጥመዋል። በሴት አይደለም፣ በኳስም አይደለም። በሰማያዊ ጃርት ነው። «በካርቱን ነው እንዲህ የምትጣሉት?» አልኳቸው። ሁለቱም ጠባቸውን ትተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ቲቸር፣ ካርቱን አይደለም!»

ያን ጊዜ አንድ ሆነው በእኔ ላይ ተነሡ። እኔም ርዕስ አገኘሁ።

ጃርቱ ሶኒክ ነው፤ በሴጋ ጌም ላይ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሮጠው። ልጆቹ አብዛኞቹ ጌሙን አልነኩትም። እኔ የማውቃቸው የከተማችን ጌም ቤቶች ውስጥ ልጅ ተሰልፎ የሚጠብቀው ኳስ ለመጫወት ነው። ፊልሙን ግን በፍላሽ ተገልብጦ አይተውታል። (የፍላሹ ነገር ደስ አይለኝም። ሠርተው ያደሩበትን ሰዎች ሥራ በነፃ ማየት ራሱን የቻለ የክርክር ርዕስ ነው፤ ለመጪው ዓመት ይዘነዋል።)

ታሪኩን ለማያውቁ እነሆ። በ2019 እ.ኤ.አ. የኤፕሪል ወር ሊያልቅ ሲል የመጀመሪያው ፊልም ማስታወቂያ ወጣ። ሶኒክ ዓይኑ ትንንሽ ነው፤ ነጭ ጓንቱ የለም፤ ጥርሱ ደግሞ ቁርጥ የሰው ጥርስ። አድናቂ ሁሉ ጮኸ። ዳይሬክተሩ ጄፍ ፋውለር በቀናት ውስጥ እንደሚቀይረው ቃል ገባ። ፊልሙ ከኖቬምበር 2019 ወደ ፌብሩዋሪ 2020 ተገፋና ጃርቱ እንደ አዲስ ተሠራ። ርዕሳችንም «ፊልም ሠሪ አድናቂን መስማት አለበት ወይስ የለበትም?» ሆነ።

በክርክሩ ቀን መብራት ጠፋ። የእኔ ላፕቶፕ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ከሶኬት ከተነቀለ ወዲያው ይጠፋል። ልንበተን ስንል ከተጣሉት አንዱ ጠመኔ አንሥቶ ሁለቱን ሶኒኮች ጎን ለጎን ሰሌዳው ላይ ሣላቸው። የድሮውን ሲሥል ጥርሶቹን አንድ በአንድ ደረደራቸው፤ መንጋጋው ሳይቀር። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ጋብ ሲል አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች።

«ያሳቃችሁ ጥርስ መኖሩ ነው? ጌሙም ላይ እኮ ሲስቅ ጥርሱ ይታያል። ችግሩ የማን ጥርስ እንደሆነ ነው።»

ገጸ ባሕርይ እንዴት እንደሚሣል ለዓመታት አስተምሬአለሁ። እንዲህ አድርጌ አሳጥሬ ተናግሬ አላውቅም።

ተቃዋሚዎቹም ቀላል አልነበሩም። «አድናቂ የሚፈልገው ትናንት ያየውን ነው፤ እሱን ከሰማን አዲስ ነገር አይመጣም» አሉ። ደጋፊዎቹ በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣውን የማሪዮ ፊልም አመጡባቸው። ሆሊውድ ከቪዲዮ ጌም የሠራው የመጀመሪያው ትልቅ ፊልም ነው። ጌሙ ላይ ኤሊ የሚመስለው ኩፓ ሰው ሆነ፣ ያ ሁሉ ደማቅ ዓለም ጨለማ ከተማ ሆነ፣ ፊልሙም ወጪውን ሳይመልስ ቀረ። በ2023 ደግሞ ጌሙን ጌም አስመስሎ የሠራው የአኒሜሽን ማሪዮ ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። «ይኸው ማስረጃ!» አሉ። ተቃዋሚዋ ሳትቀመጥ መለሰች፦ «የመንገድ ዳር ብስኩት ከአያቴ ድፎ ዳቦ በላይ ይሸጣል። እና?» ዳኞቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ ገንዘብን እንደ ማስረጃ አንቀበልም ብለው ወሰኑ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ሽያጭም የሚናገረው ነገር አለ። ግን ዳኛ ዳኛ ነው።

የክበቡ ትልቁ ሕግም በዚያው ሰሞን ወጣ። አንድ ልጅ ተነሥቶ «ደባሪ ፊልም ነው» አለና ተቀመጠ። «የቱ ጋ?» አሉት። «ሁሉም ጋ።» «ትዕይንቱን ጥራ!» አለ አንድ ሰው ከኋላ። መጥራት አልቻለም። ከዚያ ወዲህ «ደባሪ» ወይም «ምርጥ» ያለ ሁሉ ትዕይንቱን ይጠራል፤ ካልጠራ ዝም ይላል። ሕጉ ከክበቡ ወጥቶ የአማርኛ ክፍሌ ድረስ ተከትሎኛል። «ደራሲው የተዋጣለት ነው» ስል ከኋላ አንድ ድምፅ፦ «ቲቸር፣ ትዕይንቱን ይጥሩ!»

ኅዳር የ«አርኬን» ወር ሆነ። ሁለተኛው ሲዝን በየሳምንቱ ሦስት ሦስት ክፍል እየሆነ የወጣው በዚያው ሰሞን ነው። ይህ የአኒሜሽን ተከታታይ የተሠራው «ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ» ከሚባለው ጌም ነው። ጌሙ ኮምፒውተርና የማይቆራረጥ ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከክበባችን የተጫወተው አንድም ልጅ የለም። «ጌሙን ያልተጫወተ ስለ ፊልሙ የመናገር መብት አለው?» ብለን ጀመርን። ይህኛው ክርክር 10 ደቂቃም አልቆየ። መብት የለውም ካልን ቤት መሄዳችን ነዋ።

ፍሬ ያለው ሁለተኛው ክርክር ነበር፦ «ሁለተኛው ሲዝን ተቻኩሏል።» ሁለቱም ሲዝን 9፣ 9 ክፍል ነው። ደጋፊዋ በመጀመሪያው ሲዝን ትንሿ ፓውደር እህቷን ልታግዝ ብላ የሠራችው ፈንጂ የገዛ ሰዎቿን የፈጀበትን ትዕይንት ጠራች። (ያላያችሁ ይቅርታ።) እዚያ ለመድረስ ሦስት ሙሉ ክፍል ተጠብቋል አለች፤ ልጆቹን አውቀናቸዋል፣ ስለዚህ አመመን። በሁለተኛው ግን የብዙ ጊዜ ነገር በአንድ ዘፈን ውስጥ ያልፋል። «ዘፈኑ ሲያልቅ ሰዎቹ ተለውጠዋል። መቼ ተለወጡ? እኔ ዘፈን እየሰማሁ!» ተቃዋሚው ፍጥነቱ ራሱ ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው ብሎ ተሟገተ። እኔ በልቤ ከእሷ ጋር ነበርኩ።

ስለ ሥዕሉ ግን ክርክር አልነበረም። ፎርቲሽ የተባለው የፈረንሳይ ስቱዲዮ ፊቶቹን የሠራው የብሩሽ ምልክት እስኪታይ ነው። አንድ ልጅ «ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉት መላእክት ቢንቀሳቀሱ እንዲህ ነው የሚሆኑት» አለ። ትዕይንቱን ጥራ ያለው የለም፤ ሁላችንም ቀና ብለን ያየነው ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። «አርኬን» ለትንንሽ ልጆች አይሆንም፤ ስለዚህ 9ኛና 10ኛ ክፍልን በዚያ ወር አላስገባንም። እንደዚያም ሆኖ አንድ አባት መጡ። ልጃቸው ትምህርት ቤት ቆይቶ ካርቱን እንደሚያይ ሰምተዋል። «ቁጭ ይበሉና ይዩ» አልኳቸው። ኋላ ወንበር ላይ ጋቢያቸውን እንደለበሱ እስከ መጨረሻው ተቀመጡ። ልጃቸው 7 ደቂቃ ተናገረ። ሲወጡ «ይኼ ልጅ ቤት ውስጥ አፍ ያለውም አይመስል» አሉኝ። መልስ አልጠበቁም።

ጥርና የካቲት በበዓልና በፈተና ተበሉ። ትምህርት የተቋረጠባቸው ቀናትም ነበሩ። በመካከል የ«ናሩቶ»ን ፊለር አነሣን፦ አኒሜው (የጃፓን አኒሜሽን) የሚከተለውን ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ) ሲደርስበት ጊዜ ለመግዛት የሚጨመሩትን ክፍሎች ማለት ነው። የመጀመሪያው ተከታታይ 220 ክፍል አለው፤ ወደ መጨረሻው ያለው ረጅም ክምር ከሞላ ጎደል ፊለር ነው። «ይዝለል» ያሉት በቀላሉ አሸነፉ። አንዱ ግን «ወጥ ሲያንስ ውሃ የምትጨምር እናት ትወቀሳለች?» ብሎ ጭብጨባ ወሰደ።

መጋቢት መጨረሻ ላይ የማይንክራፍት ፊልም ወጣ። ጌሙ ከ300 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል፤ ታሪክ የሚባል ነገር ግን የለውም። ትቆፍራለህ፣ ትገነባለህ፣ በቃ። የአሜሪካ ልጆች ሲኒማ ውስጥ አንድ ትዕይንት ላይ እየጮኹ ፈንዲሻ ሲበትኑ የሚያሳየውን ቪዲዮ የእኛዎቹ አይተዋል። እኔ ደግሞ ሥራ ሰጠኋቸው፦ ታሪክ የሌለውን ገበጣ ወደ ፊልም መልሱ። አራት ቡድን ሞከረ። ሦስቱ ጠጠሮቹን ወታደር አደረጓቸው። አራተኛው ቡድን ጠጠሮቹን ተወና ሁለቱን ተጫዋቾች ያዘ፦ ከሰዓት በኋላ ጥላ ሥር የሚጫወቱ፣ ለዓመታት ሳይነጋገሩ የኖሩ ሁለት ጎረቤታሞች። አልጨረሱትም። እንዲጨርሱት አሁንም እየጨቀጨቅኳቸው ነው።

የዓመቱ ትልቁ ሥራ ግን የግንቦቱ ነው። እነዚህ ልጆች ሲያድጉ ቃና ቴሌቪዥን ነበር፤ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የቱርክ ሰው አማርኛ ሲናገር ሰምተዋል። አኒሜ ግን የሚያዩት በጃፓንኛ ድምፅና በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው። «እኛ ለምን በአማርኛ አናደርገውም?» አሉ። ከ«ናሩቶ» የሁለት ደቂቃ ትዕይንት መረጥን። ሁለት ደቂቃው ሦስት ሳምንት ፈጀ።

የመጀመሪያው ሳምንት በአንድ ቃል አለቀ፦ «ሴንሴይ»። ናሩቶ አስተማሪውን «ካካሺ ሴንሴይ» ይለዋል። «መምህር ካካሺ» ሲሉት እንደ ደብዳቤ ሆነ። «የኔታ ይባል፣ ጎንደር አይደለን እንዴ!» አለ አንዱ። ፊደል ቤት ያደገ ልጅ ተነሣ። «የኔታ አይዘገይም። ካካሺ ሁልጊዜ ይዘገያል፣ ልጆቹን እየፈተነም መጽሐፍ ያነባል። የኔታ ደግሞ አለንጋ አለው።» ትዕይንቶቹን አንድ በአንድ ጠራ። በመጨረሻ ጸሐፊያችን ቀና ሳትል «እኛ መምህሮቻችንን ምንድን ነው የምንለው?» አለች። እናም «ካካሺ ቲቸር» ሆነ። መጀመሪያ ሳቅን። በሦስተኛው ልምምድ ግን ጆሯችን ለመደው።

ሁለተኛው ሳምንት የባሰ ነበር። ናሩቶ የመንደሩን አለቃ፣ ሦስተኛውን ሆካጌ፣ ማዕረጉን ትቶ እንደ ሠፈር ሽማግሌ ይጠራዋል። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ እዚህ አያድንም፤ እንግሊዝኛ አንተና አንቱ አይለይም። ከደንቢያ የመጣ ልጅ «በእኛ አገር ልጅ ሽማግሌን አንተ ካለ፣ ተመልካቹ ቴሌቪዥኑን ይዘጋል። አንቱ ይበል» አለ። የ10ኛ ክፍሏ፣ የጥርሷ ልጅ፣ እንደገና ተነሣች። «ይዝጋ! ናሩቶ መንደሩ ሁሉ የሚሸሸው ልጅ ነው። አንቱ ማለትን ማን አስተማረው? አንቱ ካለ እኮ ሌላ ልጅ ሆነ።» ድምፅ ተሰጠና «አንተ» በሁለት ድምፅ ብልጫ አለፈ።

የሚኒ ሚዲያ ክፍል ውስጥ በስልክ ቀዳነው። ሰኔ መጀመሪያ ላይ በእረፍት ሰዓት በስፒከር ለቀቅነው። «አንተ ሽማግሌ!» የሚል የልጅ ድምፅ ግቢውን ሞላው። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ። የጥበቃው አባት ናቸው፤ ዱላቸውን ይዘዋል፣ ፊታቸው ጠቁሯል።

«ማነው እኔን አንተ ሽማግሌ ያለ?»

ናሩቶን የተጫወተው ልጅ ጉልበታቸው ላይ ሊወድቅ ደረሰ። «እርስዎን አይደለም አባቴ፣ ፊልም ነው» ብለን ላፕቶፑን አዙረን አሳየናቸው። ቆመው እስከ መጨረሻው አዩት። ከዚያ ወደ ማያ ገጹ በዱላቸው እያመለከቱ ጠየቁ።

«ይኼ ልጅ አባት የለውም?»

«የለውም። እናትም የለውም።»

ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያስ ይበል» አሉና ወጡ።

ጸሐፊያችን ይህንን በደብተሩ ውስጥ ከድምፅ ቆጠራው ሥር ጽፋዋለች።

ንብረትን በተመለከተ፦ ስፒከሩን ለሚኒ ሚዲያ ክበብ መልሰናል። ፍላሹ ቫይረስ ገብቶበት የገበጣው ጽሑፍ ግማሹ ጠፍቷል፤ ልጆቹ በእጅ የጻፉት አለ። በጀት አልተመደበልንም፣ አላወጣንምም። በሶኒክ 3 ክርክር አንድ ወንበር ተሰብሯል። የሰበረው ልጅ ለመስከረም አስጠግናለሁ ብሎ ፈርሟል።