ለቆመ መኪናም ሙሉ አረቦን?

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የደረቅ ጭነት ባለንብረቶች ስንገናኝ ወሬያችን ነዳጅ፣ ጎማና ተራ ነው። ለኢንሹራንስ የምንከፍለው አረቦን የሚነሳው ውል ማደሻው ሲደርስ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም ተማርረን እንከፍልና እንረሳዋለን። ዘንድሮ ግን መርሳቱ አቃተኝ።

በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚገባውን የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ልተወው፤ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው፣ መሆንም አለበት። የእኔ ነገር የራሳችንን መኪና ጭምር በሚሸፍነው ሙሉ ኢንሹራንስ ላይ ነው። እሱ የሚሰላው በንብረቱ ዋጋ ነው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የመኪና ዋጋ ሽቅብ ወጥቷል። በድሮው ግምት ልቀጥል ያለ ሰው አደጋ ሲደርስበት «ከዋጋ በታች ነው ያስገባኸው» ተብሎ ካሳው በዚያው ልክ ይቀነስበታል። ግምቱን ካስተካከለ አረቦኑ አብሮ ያድጋል። መኪናው የሚሄደው መንገድ ግን በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ሜትር አልጨመረም። ጂቡቲ ተራ ሲጠበቅ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ ጎማ ሲጠፋ ጭራሽ ይቀንሳል። ከሁለቱ ተሳቢዎቼ አንዱ መለዋወጫ አጥቶ ክረምቱን ጋራዥ ከርሟል፤ የተከፈለለት ግን ወደ ጂቡቲ በሚያወጣው በጋላፊ መስመር ሲመላለስ ከባጀው ጋር እኩል ነው። የኢንሹራንስ ሠራተኛዋን ብጠይቃት «ቆመም ሄደም ውሉ የዓመት ነው» አለችኝ። በትሕትና ነው ያለችኝ፤ ጥፋቱም የእሷ አይደለም።

መለኪያው እኮ መኪናው ውስጥ ነው። ጂፒኤስ እንድንገጥም ከታዘዝን ዓመታት አልፈዋል። ስንት ኪሎ ሜትር እንደተሄደ፣ በምን ፍጥነት፣ በቀን ይሁን በሌሊት፣ ሁሉንም ይመዘግባል። እኔ በስልኬ አየዋለሁ፤ አረቦን የሚያሰላው ሰው ግን አያየውም። ብዙ ወገኖቻችን በጭነት መኪና በሚሠሩበት በአሜሪካ፣ የሹፌሩን የሥራ ሰዓት የሚመዘግበውን መሣሪያ መረጃ ለሚያካፍል ባለመኪና ቅናሽ የሚሰጡ እንደ ፕሮግረሲቭ ያሉ ኩባንያዎች አሉ።

በኪሎ ሜትር ብቻ ይሁን አልልም። የቆመ መኪናም ይቃጠላል፣ ይዘረፋል፤ ሚሌ መንገድ ዳር ያደረ ሹፌር ያውቀዋል። ስለዚህ መነሻ ክፍያ ይኑርና ቀሪው በጉዞ ይቆጠር። ለምሳሌ ያህል የዓመቱ አረቦን 200,000 ብር ነው እንበል። 80,000 ብሩ መነሻ ሆኖ በላዩ ላይ በየኪሎ ሜትሩ 2 ብር ቢታሰብ፣ በዓመት 60,000 ኪሎ ሜትር የሄደ ያንኑ 200,000 ይከፍላል። 30,000 ብቻ የሄደ 140,000፣ 80,000 የሄደ ደግሞ 240,000 ይደርስበታል። የመጨረሻው ማጉረምረሙ አይቀርም፤ ግን እሱ ሥራ ያገኘው ነው፣ የሚከፍልበት ገንዘብም አለው።

በአነዳድ ነጥብ እየሰጡ አረቦን መተመን የሚባለው ሌላው መንገድ ግን ያሰጋኛል። ከአዋሽ ወዲያ ግመል ድንገት አስፋልቱ መሐል ይገባል። ፍሬኑን ረግጦ ግመሉንም ጭነቱንም ያተረፈውን ሹፌር መሣሪያው «ድንገተኛ ፍሬን» ብሎ ይመዘግብበታል። የሌሊት ጉዞም እንዲሁ ነው፤ የቆላውን ሙቀትና የጎማውን ዕድሜ አስቦ ማታ የሚነዳ ሰው በጥፋተኝነት ሊቆጠር ነው። የአፋርን መንገድ የማያውቅ ሰው ያወጣው ነጥብ አይጠቅመንም። ከሁሉም በላይ ለቅናሽ ብለን የሰጠነው መረጃ በኋላ ካሳ መከልከያ እንዳይሆን፣ ለምን ለምን እንደሚውል ውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

ዘርፉን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ በአንድ መስመር ላይ፣ ለፈቃደኛ ባለንብረቶች ብቻ ሙከራ ቢፈቅድ፣ ሒሳቡም በየሦስት ወሩ ቢወራረድ ማንም የሚጎዳ አይመስለኝም። የባለንብረት ማኅበራትም የታሪፍ ስብሰባ ሲጠሩ ይህን በአጀንዳቸው ቢያስገቡ ጥሩ ነው። ማስላት ለሚፈልግ ኩባንያ የሁለቱንም መኪኖቼን የጂፒኤስ መዝገብ እሰጣለሁ፤ የጋራዡን ክረምት ጨምሮ።

የሁለት ተሳቢ መኪኖች ባለንብረት
ከአዳማ