ካርታውን አልሰጥሽም፣ እቁቡን ግን ውሰጂ

ኮምቦልቻ፣ ታኅሣሥ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ይህን በስልክ ብነግርሽ እንደ ባለፈው ተኮራርፈን እንዘጋዋለን፤ ከሀረጎ ተራራ ማዶ ደሴ ላለች ልጅ ደብዳቤ መጻፍ ቢያስቅም ጻፍኩት።

ጥፍጥፍ ከሰል ሠርቶ ለመሸጥ የጻፍሽውን የብድር ፕሮፖዛል ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከየጎፍ ጫካ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ነገር እኔንም ሲያንገበግበኝ የኖረ ነው፣ እሱን ደህና ጽፈሽዋል። ገንዘቡ ላይ ስደርስ ግን እርሳስ አነሳሁ። ከምትጠይቂው ከአምስት እጅ አራቱ ለማሽን ነው። እኔ ብረት ስበይድ ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ ማሽን አልጠላም። ግን አንቺ ገና ተማሪ ሳለሽ ለአንድ ማኅበር የከሰል መጭመቂያ በእርዳታ መጥቶ እግሩን የበየድኩት እኔ ነበርኩ። ማሽኑ ስሪ ፌዝ፣ ማለት ባለ ሦስት መስመር መብራት ይፈልጋል፤ ሼዱ ያለው ሲንግል ፌዝ፣ ባለ አንዱ ነው። ዛሬ ይገባል ነገ ይገባል ሲባል ክረምት መጣ፣ ሴቶቹም ወደ እንጨታቸው ተመለሱ። ለመጨረሻ ጊዜ ሳየው ዶሮ ሰፍራበት ነበር። የብየዳዬን ግማሽ ሂሳብ እስካሁን አልተቀበልኩም፤ እሱ ይቅር።

ደግሞ «የማሽላ አገዳ በነፃ ይገኛል» ብለሻል። ማን ነገረሽ? ሀርቡ ወርደሽ ገበሬውን ጠይቂው። አገዳ የበጋ መኖ ነው፣ አጥር ነው፣ ማገዶ ነው። በዚያ ላይ 100 ኪሎ ደረቅ አገዳ በበርሜል ብታከስዪ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ከሰል ቢወጣሽ ነው፤ ማጓጓዣውን ደምሪበት። በነፃ ያለው ሌላ ነው፤ የከሰል ነጋዴ ጆንያ ሥር የሚቀረው ድቃቂ። ከሰል በመኪና ሲንገላታ፣ ሲጫንና ሲራገፍ ከክብደቱ ከ10 እስከ 20 በመቶው ይደቃል። ነጋዴው ጠርጎ ይደፋዋል። እሱ አንዴ ከስሏል፣ በርሜልም ጭስም አይፈልግም፤ ነፍተሽ ከማያያዣ ጋር መለወስ ብቻ ነው። ሰጋቱራውና የጫት ገረባው ሁለተኛ ይምጡ።

ማያያዣ ሸክላ አፈር ያልሽው ርካሽ ነው፤ ግን አፈር አይነድም፣ በበዛ ቁጥር አመዱ ይበዛል፣ እሳቱም ይደክማል። ሞላሰስ ይነዳል፣ መጀመሪያ ላይ ግን ያጨሳል። በትንሽ በትንሹ እየለካሽ ሞክሪ። «ለጤና ጉዳት የሌለው» ያልሽውን ደግሞ ሰርዢ። ጭስ የለውም ማለት መርዝ የለውም ማለት አይደለም፤ ደሴ ብርድ ውስጥ እየኖርሽ፣ በር ተዘግቶ ከሰል ሲያድር የሚሆነውን አታጪውም።

ሼዱን ደሴ አትጠይቂ። ደሴ ጦሳ ሥር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጉም የማይለያት ከተማ ናት። እኛ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብለን ፀሐይ አለን። እዚህ አድርቂ፣ እዚያ ሽጪ። ሐምሌና ነሐሴ ግን እዚህም አይደርቅም፤ የክረምቱን በበጋ ማከማቸት ግድ ነው።

እንግዲህ ብሩ የሚያስፈልግሽ ለዚህ ክምችትና ለሴቶቹ የቀን ሂሳብ ነው። እንጨት የሸጠች ሴት ማታ ሽሮዋን ገዝታ ትገባለች። ጥፍጥፉ ደርቆ፣ ተጭኖ፣ ተሽጦ እስኪከፈልሽ ሁለት ሳምንት ታገሺ ብትያት አትታገስም፤ ልትታገስም አትችልም። የዛሬ ድካሟ ዛሬ መከፈል አለበት። ፕሮፖዛልሽ ላይ ለዚህ የተያዘ አምስት ሳንቲም የለም።

የወለዱን ነገር እናትሽ አልወደደችውም፣ እኔም። ባንክ ውስጥ ከወለድ ነፃ መስኮት ሂጂ፤ ግን በሙራበሃ ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ በዱቤ ይሸጥልሻል እንጂ ጥሬ ብር አይሰጥሽም። ለዕቃ ይሆናል፣ ለቀን ሂሳብ አይሆንም። መያዣ የቤት ካርታ ብቻ ነው ካሉሽ የ2011ዱን አዋጅ ቁጥር 1147 አንሺባቸው፤ የሚንቀሳቀስ ንብረትም በዋስትና እንዲያዝ የወጣ ነው። መቀበል አለመቀበሉ የእነሱ ፈንታ ነው። መክፈያው ክረምቱን እንዲዘል የእፎይታ ጊዜ በጽሑፍ ጠይቂ፤ በቃል የተባለ አይቆጠርም።

ካርታውን አልሰጥሽም። በ2014 መበየጃዬ ተዘርፎ ከባዶ ስነሳ የቀረኝ ይህ ቤት ነበር። እቁቡ ግን በጥር ይደርሰኛል፣ ግማሹን ውሰጂ። ብድር አይደለም፣ ሸሪክ ነኝ፤ ብታተርፊ እካፈላለሁ፣ ብትከስሪ አብሬ እከስራለሁ። መዝገቡን ግን በየወሩ አያለሁ፣ አባቴ ነው ብለሽ እንዳታልፊኝ። በእጅ የሚሠራ መጭመቂያ እኔ እበይድልሻለሁ፤ ብረቱን እየለቃቀምኩ ነው።

የላክሽልንን አምስት ጥፍጥፍ እናትሽ ቡና አፈላችበት። አልያያዝ ብሎ አቦሉ እስኪፈላ ስትረግምሽ ነበር፣ አብሽሪ፣ የእናት እርግማን ነው። በረካው ተጠጥቶ ሲያልቅ ግን ፍሙ ገና ነው፤ ሽምብራ ቆላችበት። ስለዚህ በቤት እመቤት አትጀምሪ። መንገድ ዳር ጀበና ዘርግተው፣ ጠዋት ያያያዙትን እሳት እስከ ማታ የሚያቆዩት ናቸው ደንበኞችሽ። ለአንድ ሳምንት በነፃ ስጫቸውና ሰኞ ተመልሰሽ የሚሉትን ስሚ፤ ሲያሙሽም አትከራከሪ፣ ጻፊው።

ቅዳሜ ስትወርጂ አንድ ጆንያ ድቃቂ ይዘሽ ነይ። ሚኒባሱ ውስጥ ፈሶ ከሰው እንዳያጣላሽ በላስቲክ ጠቅልዪው።

አባትሽ