ዌብሳይታችሁ ላይ ምን እንደምንቀይር እና ለምን እንደምንቀይር

ውድ ደንበኞቻችን፣

በሚቀጥሉት ሳምንታት የሠራንላችሁን ዌብሳይቶች አንድ በአንድ ማስተካከል እንጀምራለን። ለውጡን ድንገት አይታችሁ «ያን የመሰለ ፎቶ ምን በላው?» ከማለታችሁ በፊት ነገሩን ራሳችን ልናስረዳችሁ ወደድን። ለዚህ ሥራ ምንም ክፍያ አንጠይቅም።

ነገሩ እንዲህ ጀመረ። በቅርቡ ጠና ያሉ አንዲት እናት ቢሮአችን ጋብዘን አንድ ነገር እንዲሞክሩልን ለመንናቸው። ከሠራናቸው ዌብሳይቶች አንዱን በራሳቸው ስልክ ከፈትንላቸውና «እዚህ ድርጅት ደውለው ቅዳሜ ክፍት መሆናቸውን ይጠይቁልን» አልናቸው። ሌላ ምንም አልነገርናቸውም። ከጎናቸው ተቀምጠን ዝም ብለን ማየት ብቻ ነበር የእኛ ሥራ።

ገጹ እስኪከፈት ጠበቁ። ከላይ ያሉት ፎቶዎች መፈራረቅ ጀመሩ። የመጀመሪያው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብበው ሳይጨርሱ ሁለተኛው መጣ። ትተውት ወደ ታች ወረዱ። «ያግኙን» የሚለው ጋ ደርሰው አለፉት፤ ጌጥ እንጂ የሚነካ ነገር አልመሰላቸውም። በመጨረሻ ስልክ ቁጥሩን አገኙትና ነካ አደረጉት። ዝም አለ። ደግመው ነኩት። ቁጥሩ ለካ ፎቶ ላይ የተጻፈ ነው፤ ቢነኩት አይደውልም፣ ኮፒም አይደረግም። በሁለት ጣታቸው አጎሉት። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ በቃላቸው ያዙት። መደወያው ላይ ግማሹን ጻፉና ቀሪው ጠፋባቸው። ተመልሰው ሲመጡ ገጹ እንደገና ከላይ ጀመረ።

«ይቅርታ ልጆቼ፣ እኔ ስልክ ላይ ጎበዝ አይደለሁም» አሉን።

ይህን ስንሰማ በጣም አዘንን። ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም፤ የእኛ ነው። ያንን ገጽ ያስረከብነው በሰፊ ስክሪን አይተን፣ ቆንጆ ነው ብለን ነው። ከዚያ በኋላ ሌሎች አራት ሰዎች ጋበዝን። በዚህ ሙያ ስሙ የሚነሳው ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 እንደጻፈው፣ የአንድን ገጽ አብዛኛውን ችግር ለማየት አምስት ሰው ይበቃል። እኛም ያየነው ይህንኑ ነው። አምስተኛው ሰው የተሰናከለባቸውን ቦታዎች ሁሉ ማለት ይቻላል ከቀደሙት አራቱ አይተናቸው ነበር።

እንግዲህ ወደ ለውጡ እንግባ። ከላይ የሚፈራረቁት ፎቶዎች ይነሳሉ። በቦታቸው አንድ ፎቶ እና አንድ ግልጽ ዓረፍተ ነገር ይገባል። ይህ ዓረፍተ ነገር ከሁሉም በላይ ያሳስበናል። ብዙዎቻችሁ ገጽ ላይ አሁን ያለው «ጥራቱን የጠበቀ አገልግሎት ለመስጠት ተግተን እንሠራለን» የሚል ዓይነት ነው። እውነት ነው፣ ትተጋላችሁ። ግን ይህን ወንበር ጠጋኝም፣ የጥርስ ሐኪምም፣ ሒሳብ ሠራተኛም ሊለው ይችላል። «የቢሮ ወንበርና ጠረጴዛ እንጠግናለን፤ መጥተን እንወስዳለን፣ ሠርተን እንመልሳለን» ሲባል ግን ሰውየው የፈለገው ቦታ መድረሱን ወዲያው ያውቃል። ወንበር የተሰበረበት ሰው ይቆያል፣ ያልተሰበረበት ይሄዳል። ሁለቱም ጊዜያቸው አልባከነም።

ሁለተኛው ፍጥነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ገጹን የሚጎትተው ፎቶ ነው። የዛሬ ስልክ የሚያነሳው ፎቶ ወርዱ ብዙ ጊዜ ወደ 4,000 ፒክስል (ምስሉ የሚሠራባቸው ጥቃቅን ነጠብጣቦች) ይጠጋል፣ ክብደቱም በርካታ ሜጋባይት ይሆናል። ያን ሁሉ ለአንዲት ትንሽ ስክሪን መላክ የጎብኚውን ዳታ በከንቱ መጨረስ ነው። ስለዚህ ፎቶዎቹን እንደ ስክሪኑ ስፋት እናሳንሳለን፣ ዌብፒ ወደሚባለው ቀለል ያለ ዓይነትም እንለውጣቸዋለን። ዓይን የሚያየው ልዩነት እምብዛም ነው። ጎግል የገጹ ዋና ክፍል በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ይመክራል፤ እኛም የያዝነው ልክ ይህ ነው። የምንለካውም በቢሮአችን ኢንተርኔት ሳይሆን በተራ ስልክ፣ በሞባይል ዳታ ነው።

አንድ ሌላ የሚያናድድ ነገርም አለ። ልትነኩ ጣታችሁን ስትሰነዝሩ ፎቶው ዘግይቶ ይመጣና ጽሑፉን ወደ ታች ይገፋዋል፤ ያላሰባችሁት ነገር ይከፈታል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። የፎቶውን ቁመትና ወርድ ኮዱ ላይ ቀድመን እንጽፋለን፣ ስልኩም ቦታውን ይዞ ይጠብቃል።

ስለ ቀለም ከአንዳንዶቻችሁ ጋር ላንስማማ እንችላለን። ነጭ ላይ የተጻፈ ፈዛዛ ግራጫ ዘመናዊ እንደሚመስል እናውቃለን። ፀሐይ ላይ ቆሞ ለሚያነብ ሰው ግን ባዶ ወረቀት ነው። ዓለም አቀፉ የዌብ ተደራሽነት መመሪያ በጽሑፉና በጀርባው መካከል ያለው የድምቀት ልዩነት ለተለመደ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1 እንዲሆን ይጠይቃል። ከዚያ በታች አንወርድም። ይህን ስንል የድርጅታችሁን ቀለም እንጥላለን ማለታችን አይደለም። ርዕስና በተን (ሲነካ የሚሠራው ቁልፍ) ላይ ይቆያል፤ የሚነበበው ጽሑፍ ግን ይጠቁራል።

በተኖቹም ያድጋሉ። የዚያው መመሪያ እ.ኤ.አ. የ2023 እትም ትንሹን ልክ 24 በ24 ፒክስል ያደርገዋል። አፕል ለአፕ ሠሪዎች የሚመክረው 44 በ44 ነጥብ (አፕል የሚጠቀምበት የስክሪን መለኪያ) ነው። የእኛ ምርጫ ትልቁ ነው፤ የእኚያን እናት አውራ ጣት አይተናልና።

ፎርሞቻችሁን ስንከፍት ደግሞ አስራ አንድ ጥያቄ ያለው አገኘን። ለአንድ ቀጠሮ! ስም፣ ስልክ እና ምን እንደሚፈልጉ ከታወቀ ሌላውን ደውላችሁ ትጠይቃላችሁ። ስልክ የሚሞላበት ቦታ ሲነካ የቁጥር ኪቦርድ ይወጣል። ሰው ሲሳሳት «ስህተት አለ» ብለን ዝም አንልም፤ «ስልክ ቁጥሩ አንድ አኃዝ ይጎድለዋል» እንላለን። የሞላው ነገርም አይጠፋበትም።

ማየት ለተሳናቸው ጎብኚዎች ደግሞ ከየፎቶው ጀርባ አጭር መግለጫ እንጽፋለን። ስልካቸው ላይ ያለው የንባብ ፕሮግራም ድምፅ አውጥቶ ያነብላቸዋል። ይህን ከመጀመሪያው ማድረግ ነበረብን።

ሎጎአችሁን አንነካም። የገጾቻችሁ አድራሻም እንዳለ ይቆያል። የግድ የሚቀየር ካለ፣ በድሮው ሊንክ የሚመጣ ሰው በቀጥታ ወደ አዲሱ እንዲሄድ እናደርጋለን።

ከእናንተ የምንፈልገው ትንሽ ነገር ነው። ድርጅታችሁ ውስጥ ስልክ የሚያነሳውን ሰው ጠይቁልን። ሥራ አስኪያጁን ሳይሆን፣ ስልክ የሚያነሳውን። ሰዎች ደውለው ደጋግመው የሚጠይቋቸውን አምስት ጥያቄዎች እሱ በቃሉ ያውቃቸዋል። እነዚያን ላኩልን፤ መልሳቸው የመጀመሪያው ገጽ ላይ ይገባል። የሥራ ሰዓታችሁንም አረጋግጡልን፤ ከአንዳንዶቻችሁ ጋር ስናወራ ገጻችሁ ላይ ያለው ሰዓት የድሮው መሆኑን ሰምተናል።

አዲሱን ገጽ ለሕዝብ ከመክፈታችን በፊት ለየግላችሁ ሊንኩን እንልክላችኋለን። በስልካችሁ እዩት። ከተቻለ ሥራችሁን ለማያውቅ ሰው ስጡትና «እስቲ ደውልላቸው» በሉት፤ ከዚያ ዝም ብላችሁ እዩ። ሰው ሲቸገር እያዩ አለመርዳት ያስጨንቃልና ዝምታው ከባድ ነው፤ ግን ቻሉት። የተሰናከለበትን ቦታ ጻፉልን።

የስልክ ቁጥሩን ነገር ግን እስከዚያ አላቆየነውም። ሁሉንም ዌብሳይቶች አይተን፣ ፎቶ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሁሉ ሲነካ በሚደውል ቁጥር ተክተነዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
ዌብሳይታችሁን የምንሠራው ባልደረቦች