ባዜቃ ማለት

ይድረስ ለሚሚዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ለገጣፎ ዝናቡ ጀምሯል፤ ከአስፋልቱ እስከ ቤታችን ጭቃ ብቻ ነው። አባትሽ ቦቲውን አውልቆ አያውቅም።

በስልክ "እማ፣ ባዜቃ የሚለው ቃል ከየት መጣ?" ስትይኝ ኔትወርኩ ተቋረጠ። የኬሚስትሪ አስተማሪ ልጅ ሆነሽ በአጭሩ እንዳልመልስልሽ ታውቂያለሽ፤ ቻይው።

ባዜቃ ማለት ሜርኩሪ ነው። ሜርኩሪን ዐረቦች "ዚእበቅ" ይሉታል። ዘ፣ በ፣ ቀ። በእኛም ባዜቃ ውስጥ ሦስቱ አሉ፤ ቦታ ብቻ ተለዋውጠዋል። እኔ ዘመዳሞች ናቸው ባይ ነኝ። የዐረብኛው ቃል የመጣው ከፋርስ ነው፤ ሥሩም "ሕያው" ማለት ነው። ሮማውያንም "ሕያው ብር" ብለውታል። ግሪኮች ደግሞ "የብር ውሃ" አሉት፤ በኬሚስትሪ ሠንጠረዥ ላይ ያለው ምልክቱ (Hg) የተወሰደው ከዚሁ ሃይድራርጂረም ከሚለው ስም ነው። ሜርኩሪ የሚለው ስም ደግሞ ከሮማውያን መልእክተኛ አምላክ የተወሰደ ነው፤ ሲበዛ ፈጣን ከሆነው አምላክ።

እንዲህ ብለው ቢጠሩትም አይገርምም። ብረታ ብረት ሆኖ ሳለ ይፈሳል። ከዜሮ በታች 39 ዲግሪ ገደማ ካልደረሰ አይረጋም። ጠብታው ሲነኩት ይበተናል፣ ሲጠጋጋ ደግሞ መልሶ አንድ ይሆናል። አንድ ሊትሩ 13.5 ኪሎ ይመዝናል።

ግን ልብ በይ፤ ከስሞቹ አንዱም መርዝነቱን አያነሳም። ትነቱ አይታይም፣ አይሸትም። ጃፓን ሚናማታ ውስጥ ከፋብሪካ ወደ ባሕር የተለቀቀው ሜርኩሪ በዓሣው በኩል ሰው ገደለ፣ ሕፃናትን በማህፀን ሳሉ ጎዳ። በሽታው በይፋ የታወቀው በ1956 እ.ኤ.አ. ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ዓለም አቀፍ የሜርኩሪ ስምምነትም በከተማዋ ስም ይጠራል።

አሁን ወደ ሌላ ቃል ልውሰድሽ፤ ካሎሜል። ሜርኩሪና ክሎሪን የሠሩት ነጭ ዱቄት ነው። ድሮ አውሮፓ ውስጥ ለሆድ ማጽጃ ይሰጡት ነበር (ምን ያላደረጉት አለ!)። ዛሬ ፊት ያቀላሉ በሚባሉ አንዳንድ ክሬሞች ውስጥ ይገኛል። ስሙ ከሁለት የግሪክ ቃላት የተገጠመ ነው፤ "ቆንጆ" እና "ጥቁር"። አየሽ? ጥቁረትን ለማጥፋት የሚቀቡት ነገር ስሙ ቆንጆ ጥቁር ነው። ክፍል ውስጥ ይህን ስናገር ልጆቹ በሳቅ ይፈርሱ ነበር።

ጥያቄሽ ከየት እንደመጣ አልጠፋኝም። ያቺ የዶርም ጓደኛሽ የምትቀባው ክሬም ነው አይደል? እዚህ ሰፈርም ሱቅ ውስጥ ምን እንዳለበት ያልተጻፈበት ይሸጣል። ሜርኩሪ ቆዳ ሜላኒንን፣ ማለትም ጥቁረት የሚሰጠውን ቀለም፣ እንዳይሠራ ያግዳል፤ ፊቷ የሚቀላው ለዚህ ነው። በቆዳ ዘልቆ ኩላሊት ይጎዳል። በፎጣና በአንሶላ ለማይቀባውም ሰው ይተርፋል፤ ስለዚህ በእሷ ፎጣ አትጠቀሚ።

ካርቶኑ ላይ "ካሎሜል" ወይም "ሜርኩረስ ክሎራይድ" የሚል ካለ ነገሩ አለቀ። "ወርቅና ብር እንዳይነካው" የሚል ማስጠንቀቂያም ካየሽ ጠርጥሪ፤ ባዜቃ ወርቅ ካገኘ አይለቅም። ምንም አለመጻፉ ግን ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ልጅቷን አታሳቅቂያት፣ ለብቻዋ ንገሪያት። የካርቶኑን ፎቶ በቴሌግራም ላኪልኝ።

በርበሬው ተፈጭቷል፤ ወደዚያ የሚመጣ ሰው ሳገኝ እልክልሻለሁ።

እናትሽ