ከቅጥሩ ውጭ ስላለው ሰፈር፦ ለደሴ ከተማ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለደሴ ከተማ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት፤

እንደምን ሰነበታችሁ። ጉዳዬ ትንሽ ወጣ ያለ ስለሆነ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ምናባዊ ታሪክ እየጻፍኩ ነው። ታሪኩ ውስጥ በድንጋይ ቅጥር የታጠረ ከተማ አለ። ንጉሥ አለ፣ አስማተኛ አለ፣ ሌሊት ሌሊት የሚመጣ ዘንዶም አለ። ከቅጥሩ ውጭ፣ ከገደሉ ሥር ደግሞ የድሆች ሰፈር አለ። ስሙን «ግርጌ» ብዬዋለሁ። ዘንዶው ሲመጣ የከተማው በር ይዘጋል። ግርጌ ውጭ ያድራል።

ስለ ልብ ወለድ ለከንቲባ የሚጽፍ ሰው ሥራ የፈታ ይመስላል፤ አውቃለሁ። ነገር ግን ግርጌን ልሠራ ስቀመጥ ከራሴ የፈጠርኩት ብዙ ነገር አልነበረም። ጭቃውን፣ ጀሪካኑን፣ ቃሬዛውን ሁሉ ያመጣሁት ከደሴው ጦሳ ተራራ ሥር ነው። ዘንዶውን ብቻ ነው ከራሴ ያዋጣሁት። ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር አለኝ። የሚቀጥለው የከተማ ፕላን ሲሠራ ዳር ያለው ሰፈር፣ ሰነድ ያለውም የሌለውም፣ መጀመሪያ ካርታው ላይ ይግባ። ይፍረስ ወይስ ይቆይ የሚለው ክርክር ከዚያ በኋላ ይምጣ።

በአገራችን ቅጥር ያለው ከተማ ሲባል ሁሉም የሚያነሳው ሐረርን ነው። እውነትም ጀጎል ያምራል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት ግንብ ነው፤ ጥንታዊ በሮቹ አምስት ናቸው። ዩኔስኮም በ1998 መዝግቦታል። እኔ ግን ወሎዬ ነኝና ቅጥር ፍለጋ እዚያ ድረስ መሄድ አላስፈለገኝም። መቅደላ አለልን። ዙሪያውን ገደል ነው፤ የሚገባው በበር ነው። ከበሩ ውጭ እስላምጌ የሚባለው ሜዳ ላይ ደግሞ የሠራዊቱና የተከታዩ ጎጆ ነበር። በሚያዝያ 1860 የእንግሊዝ ጦር ወደ በሩ የወጣው ያንኑ ሜዳ ረግጦ ነው። ግሸንም አለ። እዚያ የነገሥታት ልጆች ይታሰሩበት ስለነበር ገደሉ የሚከለክለው ከውጭ የሚመጣውን ብቻ አልነበረም፤ ከውስጥ የሚወጣውንም ነው። የግሸኑን ነገር ለታሪኬ ልጠቀምበት አስቤ ተውኩት። ለድሃ ሰፈር ታሪክ ልዑል ይበዛበታል።

ደሴ ቅጥር የላትም። ሸዋ በር የሚባል ሰፈር አላት እንጂ ማታ የሚዘጋ በር የላትም። ግን በአንድ በኩል ጦሳ፣ በሌላ በኩል አዝዋ ገደል ይዘዋታል። ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ፣ በተራሮች መሃል ባለች ጠባብ ቦታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሰው ሲበዛ ወደ ጎን መለጠጥ አቃታት። ስለዚህ ተዳፋቱን ይዛ ወደ ላይ ወጣች። በእኔ ታሪክ ድሃው ከገደሉ ሥር ነው፤ በደሴ ብዙ ጊዜ ከገደሉ ወገብ ላይ ነው።

ይህ የዛሬ ነገር ብቻ አይደለም። ንጉሥ ሚካኤል፣ ያኔ ራስ ሳሉ፣ ደሴን መቀመጫቸው ሲያደርጉ ከተማ ማለት የጦር ሰፈር ማለት ነበር። መሃሉ የጌታው ነው። ቀጥሎ ባለሟሉ፣ ቀጥሎ ወታደሩ ይሰፍራል። ዳር ዳሩን እንጨት ለቃሚው፣ ውሃ ቀጂዋና ፈጪዋ ይይዙታል። ከመሃል በራቅህ ቁጥር ስምህም እየተረሳ ይሄዳል። ኋላ ደግሞ ድርቅ መጣ። በ1965 ከየገጠሩ የተነሳው ሕዝብ ወደ ዋናው መንገድና ወደ ከተሞቹ ወረደ። በ77ም እንዲሁ። በ2013 እና በ2014 ደግሞ ጦርነቱ ከሰሜን ወሎ ያፈናቀለው ሕዝብ በደሴ ትምህርት ቤቶች ተጠልሎ ነበር። መከራ ሲመጣ ሰው ወደ ከተማ ይሸሻል። ከተማው ውስጥ ቦታ ሲያጣ ዳሩን ይይዛል። «ሕገወጥ ሰፋሪ» ከምንለው ሰው ጀርባ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ዓመት አለ።

ታሪኬ ውስጥ አንድ የምወደው ምዕራፍ አለ። የግርጌ ሰዎች ለአንድ ቀን ብቻ ወደ ከተማው አንገባም ይላሉ። ጥል የለም፣ ድንጋይ መወርወር የለም፤ ዝም ብለው ቤታቸው ይውላሉ። እስከ ረፋድ ድረስ ማንም ልብ አይልም። ከዚያ የቤተ መንግሥቱ ምጣድ አይጣድም። እንጨት የለም፣ ኩበት የለም። ግንብ የሚሠራው ግንበኛ ጭቃ የሚያቀብለው ያጣል። ሽንት ቤት የሚጠርገው አልመጣም። አስማተኛው በጣቱ ብርሃን ማብራት ይችላል፤ እንጀራ መጋገር ግን አይችልም። ንጉሡ ማታ ላይ ከአሽከሩ ጋር በር ላይ ቆሞ ወደ ግርጌ ሲመለከት ለመጀመሪያ ጊዜ የቤቶቹን ብዛት ያያል።

ይህን ለመጻፍ ምርምር አላስፈለገኝም። ጠዋት በማለዳ የጦሳን ቁልቁለት ያየ ሰው ያውቀዋል። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ እናቶች ጎንበስ ብለው ይወርዳሉ። እንጀራ በመሶብ አዝላ ለየሆቴሉ የምታደርስ አለች። የቀን ሠራተኛው አካፋውን ይዞ ቆሞ ቀጣሪ ይጠብቃል። ሌሊት የሰው ሱቅ ሲጠብቅ ያደረው ዘበኛ ደግሞ በተቃራኒው ሽቅብ ይወጣል። ሊስትሮው፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ጉልት ላይ ቲማቲምና ቃሪያ በመደብ የምትቸረችረው፣ ሁሉም ከዳር ነው የሚመጣው። ከተማው የሚውለው በእነሱ ጉልበት ነው። ማታ ሲመለሱ ግን የሚወጡበት አቀበት ደረጃ የለውም፣ መብራት የለውም። ክረምት ሲሆን ደግሞ ጭቃው ያንሸራትታል።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ጉዳይ ልምጣ። ስለ መሬት መንሸራተት ነው።

የደሴ ዙሪያ ተዳፋት አስተማማኝ እንዳልሆነ ባለሙያዎች ደጋግመው ያጠኑት ነገር ነው። ቋጥኙ ከላይ ጠንካራ ይመስላል። ሲበሰብስ ግን ሸክላ አፈር ይሆናል። ሸክላ አፈር ደግሞ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ይለሰልሳል፣ ያንሸራትታል። የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። አንድ ድሃ ተዳፋት ላይ ቤት ሲሠራ መጀመሪያ የሚያደርገው የኮረብታውን እግር ቆርጦ መደልደል ነው። ሌላ ምርጫ የለውም፤ ጠፍጣፋ ቦታ አልተሰጠውም። ግን የቆረጠው እግር ነበር ከላይ ያለውን አፈር ደግፎ የያዘው። በዚያ ላይ የቆርቆሮ ጣሪያው ውሃ የሚወርድበት ቦይ የለም። ከላይ ያለው ቤት ፍሳሽ ከታች ያለው ቤት ግድግዳ ሥር ይገባል። ሰው የሠራውን ጥፋት ዝናብ ይጨርሰዋል።

ሐምሌ 2016 ጎፋ ላይ የሆነውን ሁላችንም አልቅሰንበታል። ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። ከሞቱት ውስጥ መጀመሪያ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡ ሰዎች አሉ። መሬቱ ሁለተኛ ጊዜ ሲናድ እነሱንም ወሰዳቸው። እዚህም ሰፈር ቢናድ አካፋ ይዞ የሚሮጠው ያው ጎረቤት ነው።

ስለዚህ እኔ «ሁሉም ባለበት ይቆይ» እያልኩ አይደለም። አንዳንዱ ቤት መነሳት አለበት። ይህን ለሰፈሩ ሰው ፊት ለፊት መናገር ያስፈልጋል። የቱ ተዳፋት እንደሚያሰጋ፣ የቱ እንደማያሰጋ በቀለም ምልክት ተደርጎ፣ በሰፈሩ ሰው ቋንቋ ተነግሮ ይታወቅ። አሁን ሰው የሚፈራው ዶዘር ነው። ተዳፋቱን ቢፈራ ይሻለው ነበር፤ ግን ማን ነግሮት? «ለልማት ትነሳላችሁ» ሲባል ሰው አያምንም። «ይህ ቦይ ስለሌለው በነሐሴ ይናዳል» ቢባልና ቦታው ቢታይ ግን ያምናል። ገበሬ የነበረ ሰው ነው፤ መሬት ያውቃል።

የሚነሳው ሰው ደግሞ የት ይሂድ? ምትክ ቦታው ከሥራው ብዙ ከራቀ ተመልሶ ይመጣል። ይህን ማንም ከተማ ያየው ነገር ነው። እንጀራ የምታደርሰው እናት ደንበኞቿ ፒያሳና አራዳ ናቸው። ወደ ከተማ ለመግባት በቀን ሁለት ጊዜ የታክሲ ብር ከከፈለች ትርፏ አለቀ። ልጇም ትምህርት ቤት ይቀይራል። ከጥቂት ወራት በኋላ አዲሱን ቦታ ለደላላ ሸጣ ሌላ ተዳፋት ላይ የጨረቃ ቤት ትቀልሳለች። ስለዚህ ገንዘቡ ባዶ ሜዳ ላይ ከሚፈስ፣ ደህና በሆነው ተዳፋት ላይ ድጋፍ ግንብና ቦይ ቢሠራበት ያዋጣል።

ደላላውን ካነሳሁ አይቀር፣ ለሱ ጥብቅና አልቆምም። አንድ ቦታ ለሦስት ሰው የሚሸጥ አለ። የገበሬውን ማሳ በማታ ሸንሽኖ በማግስቱ የሚጠፋም አለ። እሱ ይጠየቅ። ቤቱ የሚፈርስበት ግን ሁልጊዜ የመጨረሻው ገዢ ነው፤ ያውም ከሁሉም ድሃው።

ሕጉን ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ባጭሩ ልንካው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ዜጎች ንጹህ ውሃና መኖሪያ እንዲያገኙ ፖሊሲው ማለም አለበት ይላል። የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ሰነድ የሌላቸው ይዞታዎች በከተማው ፕላን መሠረት ተጣርተው ወደ ሊዝ የሚገቡበትን መንገድ አስቀምጧል። ስለዚህ «ሰነድ የለውም» ማለት የነገሩ መጨረሻ መሆን አልነበረበትም። ማጣራት የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ለማጣራትም ከዜሮ መነሳት አያስፈልግም። ቅሬ አለን። ሌላው አገር ዕድር ይለዋል። የወሎ ቅሬ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም አንድ መዝገብ ላይ ይጽፋል። ማን የት እንደሚኖር፣ ስንት ልጅ እንዳለው፣ ማን አልጋ ላይ እንደዋለ የቅሬው ዳኛ ያውቃል። የቤት ቁጥር ያልተሰጠው ሰው የቅሬ መዋጮ ግን ይከፍላል። ያ መዝገብ ከማንኛውም መጠይቅ የተሻለ መነሻ ነው። አንድ ሐሳብ ግን ልጨምር። ቅሬው መዝገቡን የሚያሳየው ለማፍረስ እንዳልሆነ በጽሑፍ ማረጋገጫ ስጡት። አለበለዚያ አያሳይም። እኔም ብሆን አላሳይም።

ቃሬዛውም የቅሬው ነው። ባጃጅ የማይወጣበት አቀበት ላይ ምጥ የያዛት ሴት የምትወርደው በሰው ትከሻ ነው። ታሪኬ ውስጥ ይህን ትዕይንት ጽፌ ለአንድ የአዲስ አበባ ጓደኛዬ አስነበብኩት። «የድሮ ዘመን መሆኑን በደንብ አሳይተሃል» አለኝ። ምን ልበለው?

ፕላኑ እስኪመጣ ሊሠራ የሚችል ነገርም አለ፤ ብዙ ብር አይፈልግም። ለእግር መንገዱ የድንጋይ ደረጃ ይሠራ። ድንጋዩ እዚያው ነው፤ ሰፈሩ ጉልበት ያዋጣል፤ ከእናንተ የሚጠበቀው ሲሚንቶና መሃንዲስ ነው። ቦዩ ደግሞ ከላይ ወደ ታች ይጀምር እንጂ ከታች ወደ ላይ አይሁን፤ ከታች የጀመረ ቦይ የላይኛውን ጎርፍ ይጠብቃል እንጂ አይመልሰውም። ቦኖ በየተወሰነ ርቀት ይተከል፤ ከጎረቤት ቆጣሪ በጀሪካን እየተገዛ የሚጠጣው ውሃ ቤቱ ቧንቧ ካስገባው ሰው ክፍያ በላይ ነው የሚፈጀው። መብራቱንም ሰው ከጎረቤት ጠልፎ ነው የሚጠቀመው። ሽቦው በቆርቆሮ ላይ አልፎ ሲሄድ ማየት በራሱ ያስጨንቃል።

ፕላኑ ለሕዝብ ውይይት ሲቀርብ ደግሞ አንድ ስብሰባ እዚያው ተዳፋቱ ላይ ይደረግ። አዳራሽ አያስፈልገውም፤ የቅሬው ድንኳን ይተከላል፣ ቡናውን እኛ እናፈላለን። ካርታው በትልቁ ይታተምና መሬት ላይ ይዘርጋ። እያንዳንዱ ሰው ቤቱን በጣቱ ይፈልግ። ያላገኘ ካለ እዚያው በእርሳስ ይጨመር።

ስብሰባው በሥራ ቀን ጠዋት አይሁን። ጠዋት ሁሉም ከተማ ወርዷል። እሑድ ከሰዓት፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ቢሆን ይመረጣል።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የደሴ ነዋሪ